የማካካሻ ፊሽካ

የሰውዬውን እውነተኛ ስም የሚያውቁት ሚስቱና መታወቂያውን የጻፈለት ጸሐፊ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። ለቀረው ሰው ሁሉ እሱ ሚዛኑ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ባለችው ሁለት ወንበር ብቻ በምትይዝ ፀጉር ቤቱ ውስጥ የሰው ጭንቅላት ሲያስተካክል ይውላል። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ጥቁር ቁምጣ ለብሶ፣ ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ በቀጫጭን እግሮቹ የሠራተኞችን ሊግ ይዳኛል። በእግሮቹ የማይቀልድ ሰው የለም። እሱም አይከፋውም፤ ዳኛ የሚዳኘው በዓይኑ ነው እንጂ በባቱ አይደለም ብሎ ያልፋል።

ዳኛ የሆነው እንኳ በአጋጣሚ ነው። በልጅነቱ ኳስ ሲጫወት፣ ጎል ማግባቱ ቀርቶ ኳሷን የነካባቸው ቀናት በጣት ይቆጠራሉ። አንድ ቅዳሜ ግን የተመደበው ዳኛ ሳይመጣ ቀረና ልብስ ሰፊዎቹና የቀለም ፋብሪካው ልጆች ማን ያጫውተን ብለው ተፋጠጡ። ለካ ሁለቱም ቡድኖች ፀጉራቸውን የሚቆረጡት እሱ ዘንድ ኖሯል። በሁላችንም አንገት ላይ ምላጭ አሳርፎ ማንንም ያላደማ ሰው ፊሽካ ቢይዝ ምን ያደርገናል አለ አንዱ፤ ሳቁና ተስማሙ። ያ ጨዋታ አቻ አለቀ። ማንም ማንንም ሳይሰድብ ተጨባብጦ ተለያየ። ከዚያ ወዲህ ፊሽካው ከአንገቱ አልወረደም፣ ስሙም ሚዛኑ ሆኖ ቀረ።

ስሙን ይወደው ነበር። ማን ይጠላል? በዚያ ሊግ ከሚዳኙት ሰዎች አንዱ በጭነት መኪና ሸራ ስር ተደብቆ ከሜዳ ወጥቷል፤ ሌላው የብስክሌቱን ሁለቱንም ጎማዎች ተንፍሰው አግኝቷቸዋል። የሚዛኑ ጨዋታ ግን በመጨባበጥ ነው የሚያልቀው። ዘዴው ቀላል ነው። አንዱ ወገን ሲከፋው ሚዛኑን ልቡ ይነግረዋል፤ ትንሽ ቆይቶ ለዚያ ወገን አንዲት ቅጣት ምት ጣል ያደርግለታል። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ደግሞ፣ ደም እስካልፈሰሰ ድረስ፣ ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ ጉዳዩን ለተጫዋቾቹ ይተወዋል። ይህ ማድላት አይደለም ወይ ብትሉት ከልቡ ይገረማል። እሱ የሚያውቀው ጎመን በጤና የሚለውን ነው። ሁለቱም ወገን ግማሽ በግማሽ ተደስቶ ከገባ ፍርድ ማለት ይኸው ነው።

አንዲት ልጅ አለችው። ከከተማው ሌላ ጫፍ መድኃኒት ቤት ተቀጥራ፣ እዚያው አጠገብ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ቤቱን ከለቀቀች ወዲህ የአባትና የልጅ ወሬ በስልክ ደህና ነህ፣ ደህና ነኝ፣ እናቴስ፣ ደህና ናት ሆኖ ቀርቶ ነበር። ይህ ሚዛኑን ውስጥ ውስጡን ይበላው ነበር፤ ግን ለማን ይነግራል? አንድ ቀን ሳይታሰብ ከተፍ አለችና፣ የዳኝነት ኮርስ ወስጃለሁ፣ ፈተናውን አልፌያለሁ፣ አሁን ሜዳ ላይ ልምምድ ስለሚያስፈልገኝ በመስመር ዳኝነት የመደቡኝ አንተ ያለህበት ሊግ ላይ ነው አለችው። መጀመሪያ የምትቀልድ መስሎት ሳቀ። ከቦርሳዋ ባንዲራዋን አውጥታ ስታሳየው ነው ያመነው። ያን ዕለት ሚስቱ ሁለታችሁም ቅዳሜን ከበላችሁብኝ እኔ ከማን ጋር ልቀመጥ ብላ ተቆጣች፤ ቁጣዋ ግን የደስታ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሚዛኑ ሳምንቱ ቅዳሜ ብቻ ቢሆን የሚጠላ አይመስልም ነበር። ልጁ ቀደም ብላ ትመጣለች፤ አብረው ሜዳው ላይ ኖራ ያሰምራሉ፣ የመረቡን ቀዳዳ በገመድ ይቋጥራሉ። እሱ እግሩን ሲያፍታታ እሷ ትስቅበታለች። ከጨዋታው ይልቅ የሚወደው ግን ወደ ሜዳ የሚሄዱበትንና የሚመለሱበትን መንገድ ነበር። በዚያ መንገድ ላይ ልጁ ስለ ሥራዋ፣ ስለ አከራይዋ፣ ስለማትወደው አለቃዋ ሁሉንም ትነግረዋለች። በስልክ አንድም ቀን ነግራው የማታውቀውን ነው።

ነገሩ የተበላሸው በአንድ ደንበኛ ጆሮ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከጨዋታ ሲመለሱ፣ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ሰው ፀጉር ቤቱ በር ላይ ቆመው ጠበቋቸው። ሰፈሩ እኚህን ሽማግሌ ክቡር ይላቸዋል። በማግስቱ የሚሄዱበት ግብዣ ስላለ እባክህ ትንሽ ንካልኝ አሉት። ሚዛኑ ቁምጣውን እንኳ ሳይቀይር ጨርቁን አንገታቸው ላይ አሰረ። ጀርባውን በቶንዶስ ጨረሰ፣ ከላይ በመቀስ አሳመረና በግራ ጆሯቸው ፊት የሚወርደውን ፀጉር ቆረጠ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ በመስታወት ሲያይ ቀኙ ረዝሟል። ቀኙን ነካ አደረገው። አሁን ደግሞ ግራው ረዘመ። ግራውን ነካ አደረገው። እንዲህ ሲል ሲል ሽማግሌው በመስታወቱ ውስጥ ዓይናቸውን አንስተው፣ ልጄ፣ እኔ ፀጉሬን እንጂ ጆሮዬን ከፍ አድርግልኝ አላልኩህም አሉት።

ልጁ በሌላኛው ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ታይ ነበር። ሳቋ መጣና አፏን ያዘች። ቀጥሎ ግን ፊቷ ተለወጠ፤ ስትፈልገው የኖረችውን ነገር ያገኘች መሰለች።

"አባዬ፣ ፊሽካህም እኮ እንደዚሁ ነው።"

"እንዴት እንደዚሁ?"

"ዛሬ ለቧንቧ ሠራተኞቹ ያልሆነ ቅጣት ምት ሰጠሃቸው። ከዚያ ማተሚያ ቤቶቹ ሲያኮርፉ ለነሱም ያልሆነ ሰጠሃቸው። የነሱ ምት ለጎል ስለቀረበብህ ደግሞ፣ ለቧንቧዎቹ ሌላ ጨመርክላቸው። አንዱን ባሳጠርክ ቁጥር ሌላው ይረዝምብሃል።"

ክቡር ጆሯቸውን ዳበስ አደረጉ። ሚዛኑ ሳቀ፤ ሆኖም ሳቁ ብቻውን ቀረ። የፀጉር ቆራጭን ጥፋት ያውቀዋል፤ ሁለቱን ጎን አስተካክላለሁ ብሎ ደንበኛውን መላጣ ያደረገ ጀማሪ እሱ ራሱ ስንቱን አስተምሯል። ይህ ጥፋት ከመቀሱ ወጥቶ ሜዳ ይገባል ብሎ ግን አስቦት አያውቅም።

ወደ አውቶቡስ ሲሸኛት ነገሩን አነሳው። ጨዋታ እኮ ሕይወት አለው ልጄ፣ ዳኛ ደግሞ ሁኔታውን ማየት አለበት፤ መጀመሪያ ላይ የተሠራ ጥፋትና ሊያልቅ ሲል የተሠራ ጥፋት አንድ አይደለም፤ መጨረሻ ላይ አንዲት ፊሽካ የሰው ዓመት ሙሉ ልፋት ትበላለች አላት። እሷም ጥሩ አድርጋ ሰማችውና፣ ያልተነፋ ፊሽካስ የማንንም ልፋት አይበላም ወይ ብላ ጠየቀችው።

"እኔ ባንዲራ የማነሳው ያየሁትን ነው" አለችው። "አንተ ግን ያየሁትን ሳይሆን ማን ቅር እንዳለው አስልተህ ነው የምትቀበለኝ ወይም የምትተወኝ። እንደዚህ ከሆነ እኔ እዚያ መስመር ላይ ምን እሠራለሁ? አባዬ፣ አንድ ጊዜ ደግመህ ስታካክስ ካየሁ ሌላ ሊግ ይመድቡኝ እላለሁ። ተቆጥቼ አይደለም። መማር ስለምፈልግ ነው።"

አውቶቡሱ መጣና ወሰዳት። ሚዛኑ ማቆሚያው ላይ ትንሽ ቆየ። ሌላ ሊግ ማለት ሌላ ሜዳ ነው፣ ሌላ መንገድ ነው። ሌላ መንገድ ማለት ደግሞ እንደገና ደህና ነህ፣ ደህና ነኝ።

ሰው ሲፈራ ወይ ይቆጣል ወይ ይጠይቃል። ሚዛኑ ጠያቂ ሆነ። ፀጉር ቤት ደግሞ ለጠያቂ የተመቸ ቦታ ነው፤ ተጠያቂው ጨርቅ ታስሮበት፣ መቀስ አናቱ ላይ እያንዣበበ ወዴት ይሸሻል? በዚያ ሰሞን የተቆረጠ ሰው ሁሉ ያቺን ጥያቄ ሳይመልስ ከወንበሩ አልተነሳም። ጥፋት እንደ ሰዓቱና እንደ ሁኔታው ይለያያል ወይስ ጥፋት ጥፋት ነው?

የአውቶቡስ ሹፌሩ ቀይ መብራት ቀይ መብራት ነው ብሎ አፉን ሞልቶ ጀመረና፣ ከኋላው አምቡላንስ እየጮኸ ከሆነ ግን እንደሚያልፍ አመነ። ሚዛኑ ደስ አለው፤ ወዲያው ግን ግራ ገባው። በእግር ኳስ ውስጥ አምቡላንሱ ማን ነው? ጩኸት ብቻማ ከሆነ ተመልካቹ ሁሉ አምቡላንስ ነው።

ልጇን ልታስቆርጥ የመጣች ነርስ ደግሞ ማን ቀድሞ ይታከም የሚለው እንደ ሁኔታው ይለዋወጣል አለችው። ክፍሉ ሲሞላ የምታስጠብቀውን በሽተኛ ክፍሉ ባዶ ሲሆን ወዲያው ታስተኛዋለች። ትኩሳቱን ግን አልለውጠውም አለች። ክፍሉ ሞላም ባዶ ሆነም፣ ሙቀት መለኪያው ያለውን ነው የምጽፈው። ሚዛኑ ይህን ሲያስብ የልጇን ፀጉር ከሚገባው በላይ አሳጠረው። ደግነቱ እናትየዋ ለረጅም ጊዜ የሚበቃው ነው ብላ አመስግናው ሄደች።

ክቡር ተመልሰው ሲመጡ እሳቸውንም ያዛቸው። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች ይባል የለም ወይ አሉት፤ ሰው በቅሎውን ቢቀማ እንኳ በደንብ ታይቶ ከሆነ ይችለዋል፤ ዳኛው ሳያይ የወሰደበትን ቁራሽ ዳቦ ግን እስኪሞት አይረሳትም። ስለዚህ መጀመሪያ ሆኗል ወይስ አልሆነም በል፤ ለዚህ ሰዓት አትይ፣ የማንንም ፊት አትይ። ምን ያህል ይክበድ የሚለው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ይህን ካሉ በኋላ ደግሞ፣ ከምሳ በፊትና ከምሳ በኋላ አንድ ዓይነት ዳኛ ነበርኩ ብዬ ግን አልምልም አሉ፤ ሁለቱም ሳቁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሚዛኑ ነገሩን በራሱ ላይ ሞከረው። በመጀመሪያ ደቂቃ የሚነፋውን በመጨረሻም ደቂቃ እነፋለሁ ብሎ ለራሱ ቃል ገባ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አንድ ልብስ ሰፊ የባላጋራውን ማሊያ ጎተተ፤ ትንሽ ናት፣ ሌላ ጊዜ ጆሮ ዳባ ልበስ የሚላት ዓይነት። ነፋት። ያኔ አንድ የሚገርም ነገር አስተዋለ። በመጀመሪያው አጋማሽ ሲነፋ ሰዉ የሚጮኸው አልነካውም እያለ ነው። አሁን ግን አልነካውም ያለ አንድም ሰው የለም። ተጫዋቹም፣ አሠልጣኙም፣ ተመልካቹም ያሉት አንድ ቃል ነው፦ አሁን? ሚዛኑ ይህን ለልጁ ሲነግራት መንገድ ላይ ቆማ ሳቀች። ጥፋቱን ሁሉም አይቶታል ማለት ነው፤ የተከራከሩት ከሰዓቱ ጋር ነው። ያን ቀን ሁለቱም እንደ ልጅ ሆነው ስለዚህች አንዲት ቃል እያወሩ አውቶቡሱ አመለጣት።

ሊጉ ገና ሳያልቅ የዋንጫው ጨዋታ የደረሰው በዚህ መሃል ነው። ለዋንጫ የደረሱት ዳቦ ቤቱና ጋራዡ ናቸው፤ ሁለቱ በአንድ አጥር የሚዋሰኑ እሳትና ጭድ። ጋራዦቹ ዳቦው በየዓመቱ ያንሳል ይላሉ፤ ዳቦ ጋጋሪዎቹ ደግሞ የጋራዡ ጭስ ሊጣችን ውስጥ ይገባል ይላሉ። የዳቦ ቤቱ አጥቂ ከቅንድቡ ላይ ዱቄት ስለማይጠፋ ዱቄት ይባላል። ዝምተኛ ነው። ሰኞ ሰኞ ሚዛኑ ዘንድ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ይቆረጣል፣ አመስግኖ ይሄዳል። በጨዋታው ዕለት ከሜዳው ዳር ጠጠር የሚጣልበት ቦታ አልነበረም፤ የሚዛኑ ሚስት እንኳ ወንበር ይዛ መጥታ ነበር።

የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ጎል አለቀ። ከእረፍት መልስ ብዙም ሳይቆይ፣ ልጁ ካለችበት በተቃራኒው ጎል በኩል፣ አንድ መካኒክ የመታው ኳስ የዳቦ ቤቱን ተከላካይ ነካ። ሚዛኑ እጅ ከፍ ሲል አየ፣ ፊሽካውም አፉ ውስጥ ነበር፤ ነፋና ወደ ፍጹም ቅጣት ምቱ ነጥብ አመለከተ። ወዲያው የጋጋሪዎቹን ፊት አየ። አልተቆጡም፤ ተገረሙ። ሚዛኑ በዳኝነት ዘመኑ አንድ ነገር ተምሯል፤ ሲዋሽ የተያዘ ሰው ይጮኻል፣ እውነት ያለው ሰው ግን መጀመሪያ አፉን ከፍቶ ይቀራል። ተከላካዩ አንድም ቃል ሳይናገር መዳፉን ደረቱ ላይ አሳረፈ፤ እዚህ ነው የነካኝ ማለቱ ነው። በዚያ በኩል ያለው የመስመር ዳኛ ባንዲራውን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ጆሮውን ያካል። የተነፋ ፊሽካ ደግሞ የፈሰሰ ውሃ ነው። ጋራዦቹ መቱት፤ ገባ።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የዳቦ ቤት ተጫዋች በወደቀ ቁጥር የሚዛኑ እጅ ወደ ፊሽካው ትሄዳለች፤ የልጁን ዓይን መስመሩ ላይ ሲያገኘው ትመለሳለች። እንደዚህ ተወጥሮ ዳኝቶ አያውቅም። አንድ የማእዘን ምት ለጋጋሪዎቹ ሊሰጥ ብሎ ኳሱ በትክክል የማን እንደሆነ ሲያስብ፣ የጋራዡ በረኛ ኳሱን አቅፎ ፍርዱን ይጠብቅ ነበር።

ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ዱቄት ኳሱን ይዞ ልጁ በቆመችበት መስመር በኩል ወረደ። አንዱን አለፈ፣ ወደ ግብ ክልሉ ገባ። አንድ መካኒክ ተንሸራቶ መጣበት። ልክ በዚያች ቅጽበት፣ ቁመቱ ክሬን ያሰኘው የጋራዡ ተከላካይ በመሃል ገባ፤ ሚዛኑ ያየው ሰፊ ጀርባና ግሪስ የነካው ማሊያ ብቻ ነው። ጀርባው ዞር ሲል ዱቄት መሬት ላይ ነበር።

ሜዳው በጩኸት ፈነዳ። ያ ሁሉ ሰው የሚጠይቀው ፍርድ እንዳልሆነ ሚዛኑ ያውቃል፤ የሚጠይቀው ብድሩን ነው። ጋራዦቹ ራሳቸው እንኳ ይሰጥ ይሆናል ብለው የጠበቁ ይመስላሉ፤ እምብዛም አልተከራከሩም። ቢነፋው አቻ ይሆናሉ፣ ይጨባበጣሉ፣ ስሙም ይተርፋል። ፊሽካው አፉ ውስጥ ነው። ወደ ልጁ ዞረ።

ባንዲራዋ ወደ ታች ነው። ዓይኗ ቀጥ ብሎ እሱ ላይ ነው። አልተነቃነቀችም።

ቅርብ ናት፣ ከልካይ የለባትም፣ አይታለች፣ ምንም አልተሠራም ማለት ነው ብሎ አሰበ። ብነፋ ቅዳሜያችን ዛሬ አበቃ ብሎም አሰበ። የትኛው ሐሳብ ቀድሞ እንደመጣ ዛሬም ቢጠየቅ አያውቅም። ፊሽካውን ከአፉ አወጣና ሁለት እጆቹን ዘርግቶ ጨዋታው ይቀጥል አለ።

ጋራዡ ዋንጫውን ወሰደ። ሚዛኑ ተሰበረ እያሉ የጋጋሪዎቹ ደጋፊዎች ከሜዳው እስከ መንገዱ ተከተሉት። ይባስ ብሎ ጋራዦቹ ማንም እንዳይነካው ከበው ሸኙት፤ ባሸናፊ መታጀብ ከመሰደብ የባሰ መሆኑን ያን ዕለት አወቀ። ጋጋሪዎቹ የሚገቡበት መታጠፊያ ጋ ሲደርሱ፣ ዓመታት ሙሉ ፀጉሩን የቆረጠው አንድ ሽማግሌ ጋጋሪ እያየው ፊቱን አዞረበት።

ልጁ ግን ክንዱን ያዘችው። ከልጅነቷ ወዲህ እንዲህ ይዛው አታውቅም።

"አላካካስክም" አለችው። "ያ ሁሉ ሰው እየጮኸብህ አላካካስክም። አባዬ፣ ኮራሁብህ።"

አላየሁም ማለት ነበረበት። ቃሉ እስከ ጥርሱ ድረስ መጥቶ ነበር። ክንዱ ላይ ያለው እጇ ግን ሞቀውና ዋጠው። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ሁሉ እሷ ስታወራ እሱ በልቡ ከራሱ ጋር ይሟገት ነበር። ለተጫዋቾቹ ስል መንፋት ትቼ ለልጄ ስል አለመንፋት ጀመርኩ፤ ይህ አልሸሹም ዞር አሉ ካልሆነ ምንድን ነው? የዱቄት አወዳደቅ ደግሞ ከዓይኑ አልጠፋ አለ። ዱቄት አስመሳይ ሆኖ አያውቅም።

ሰኞ ጠዋት ፀጉር ቤቱ ጭር አለ። ከዳቦ ቤቱ ዝር ያለ የለም። ልጁ የማታ ተረኛ ስለነበረች በራሷ ፈቃድ፣ ማንም ሳይጠራት፣ ከከተማው ጫፍ ድረስ መጥታ ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ለሚዛኑ ይህ ብቻውን የዓመት ደመወዝ ነበር። በሩ ሲከፈት ሁለቱም ቀና አሉ። ዱቄት ነው፤ ግራ እግሩን እየጎተተ።

ገባ፣ ሰላም አለ፣ እንደ ወትሮው ተቀመጠ። ሚዛኑ ጨርቁን አሰረለት። ጀርባውን ቆርጦ ሳይጨርስ ሚዛኑ መቻል አቃተው፤ እግርህን ምን ሆነህ ነው ብሎ ጠየቀ። ዱቄት ቅዳሜ ነው አለ። ለመውቀስ አልነበረም፤ የተጠየቀውን ነው የመለሰው።

ልጁ የመድኃኒት ቤት ሰው ናትና ልማዷ ሆኖ ተነሳች። እስቲ አሳየኝ ብላ ከወንበሩ ስር በርከክ አለች፤ ሱሪውን ሰብሰብ አደረገላት። ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ብሎ ቅልጥሙ አብጦ ጠቁሯል። በጥቁረቱ መሃል የጫማ ጥርስ ተራ በተራ ተተክሎ ይታያል። እንዲህ ያለ ምልክት በማስመሰል አይገኝም። የልጅቷ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ።

ሚዛኑ መቀሱን አስቀመጠ።

"እኔ አላየሁም" አለ። "ክሬን ከልሎኝ ነበር። ስለዚህ እሷን አየሁ። ባንዲራዋን ስላላነሳች ምንም የለም ብዬ ተውኩት።"

ልጁ ቀስ ብላ ዞራ አባቷን አየችው። ቅዳሜ ያን ሁሉ መንገድ ክንዱን ይዛ ስትሄድ ያልነገራትን ነገር አሁን ነው የሰማችው። ትቆጣለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን አልተቆጣችም፤ የፊቷ ብርሃን ነው የጠፋው።

"እኔም አላየሁም" አለች፣ ወደ ዱቄት ዞራ። "ኳሱን ይዘህ ስትገባ ዓይኔን ከአንተ አንስቼ አባቴን ማየት ጀመርኩ። ያካክስ ይሆን ብዬ። መውደቅህን የሰማሁት ከጩኸቱ ነው።"

ዱቄት በመስታወቱ ውስጥ አንድ ጊዜ አባትየውን፣ አንድ ጊዜ ልጅቷን አየ። ቁጣ አልነበረበትም። በእውነት ማወቅ የፈለገ ሰው ፊት ነበር።

"ታዲያ ኳሱን ማን ነው ሲያይ የነበረው?"

የሚዛኑ ምላስ ጫፍ ላይ አንድ የቆየ ቃል መጣ፤ አይዞህ፣ ለሚቀጥለው ጨዋታ እናስብሃለን የሚለው። ስንቱን አኩራፊ በዚህች ቃል ሸኝቷል። እንደ ትኩስ ድንች አፉን አቃጠለችው፤ ዋጣት። አባትና ልጅ ምን እንበለው በሚል ዓይን ተያዩ። እንደገና እርስ በርስ እየተያዩ መሆናቸውን ሁለቱም ባንድ ጊዜ አወቁትና፣ አፍረው ዓይናቸውን ወደ ዱቄት እግር መለሱ። ሚዛኑ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ፎጣ አምጥቶ ከጎኗ በርከክ አለ። እሷም ፎጣውን ተቀብላ እብጠቱ ላይ አሳረፈችው።

"ቅዳሜ የሚጫወቱት ማንና ማን ናቸው?" አለችው አባቷን፣ ዓይኗን ከዱቄት እግር ላይ ሳታነሳ።